«ይገጥማል» ተብሎ የተሸጠልኝ ፊልትሮ

አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ደብረ ብርሃን፣ ቤቴ ጓሮ ሞተሬን አቁሜ ዘይት ልቀይር ተቀመጥኩ። ሞተሬ ሆንዳ ኤክስአር 250 ነው። አሮጌ ነው፣ አንድ መስሪያ ቤት ለዓመታት ሲገለገልበት ቆይቶ በጨረታ የወጣ፣ ግን እወደዋለሁ፤ በአንኮበር መንገድም ሆነ ከአስፋልት ወጥቼ ከቀበሌ ቀበሌ ስዞር አንድም ቀን መንገድ ላይ ጥሎኝ አያውቅም። ዘይቱን ቀዳሁት። ጠቁሯል፣ ያው የሚጠበቅ ነው። ከዚያ የፊልትሮውን፣ የዘይት ማጣሪያውን ማለቴ ነው፣ ክዳን ብሎኖች ፈታሁና ክዳኑን ሳነሳ ፊልትሮው ተንሸራቶ መዳፌ ላይ ወደቀ።

ደነገጥኩ። ትክክለኛ ፊልትሮ እንዲህ አይወድቅም። ከኢንጂኑ በኩል ሞላ ይገፋዋል፣ ጎማው ቦታው ላይ ተጭኖ ይይዘዋል፣ ለማውጣት በጣት ሳብ ማድረግ ያስፈልጋል። ይሄኛው ግን ክፍት ቤት ውስጥ እንደተቀመጠ ዕቃ ዝም ብሎ ወጣ። የወረቀቱን እጥፋቶች በጥፍሬ አንድ በአንድ ከፈትኳቸው። በዘይት ርሷል፣ ውስጡ ግን ምንም የለም። 2,000 ኪሎሜትር አብሮኝ የሄደ ፊልትሮ አንዲት ብናኝ አልያዘም። ፊልትሮው የሚቀመጥበትን ቤት ግድግዳ በጣቴ ስጠርገው ደግሞ ጥቁር ዝቃጭ ወጣ፤ ወደ ፀሐይ ሳዞረው ያብለጨልጫል።

ንጹህ ፊልትሮ ማየት ደስ የሚል ይመስላል። ዘይቱ ጠቁሮ፣ ቤቱ ዝቃጭ ይዞ፣ ፊልትሮው ብቻ ንጹህ ከሆነ ግን ዘይቱ በፊልትሮው ውስጥ አላለፈም ማለት ነው። በጎኑ ነው ያለፈው። ያ ሁሉ ብናኝ የሄደው ወደ ኢንጂኑ ነው።

የድሮውን ኦርጅናል አልጣልኩትም ነበር። ከዕቃ ሳጥኔ አውጥቼ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አቆምኳቸው። አዲሱ ወደ 4 ሚሊሜትር ያጥራል። መሃሉ ያለው ቀዳዳም ሰፋ ይላል፣ የቀዳዳው ጎማ ደግሞ ቀጭንና ደረቅ ነው። በዓይን ብቻ ለየብቻ ብታዩዋቸው ልዩነቱ አይታወቃችሁም። እኔም አልታወቀኝም። ስገዛው ሻጩን «ለኤክስአር 250 ነው?» ብዬ ጠይቄው ነበር። «ይገጥማል ወንድሜ፣ አታስብ» አለኝ። ሲገጠም እኔም አይቻለሁ፣ በእርግጥ ገጥሟል፤ ክዳኑም ተዘግቷል፣ ዘይትም አልፈሰሰም።

ያን ቀን ከሰዓት ሞተሩን የሚያውቁልኝ አንድ አንጋፋ መካኒክ ጋ ይዤው ሄድኩ። ላዩን ከፍተው ካምሻፍቱን፣ ቫልቮቹን የሚከፍተውን ዘንግ፣ አዩት። ጥፍራቸውን በስሱ ላዩ ላይ ጎተቱትና «ና ንካው» አሉኝ። ነካሁት። ጥፍሬን ያዘው። ጥፍር የሚይዝ ጭረት ትንሽ ጭረት አይደለም። «ልጄ፣ ፊልትሮ ልትገዛ ስትሄድ አሮጌውን በላስቲክ ጠቅልለህ ይዘኸው ሂድ፣ አፍህ ብቻ ምን ዋጋ አለው» አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ይሄን አደርጋለሁ። ይሄን ጽሑፍም የምጽፈው ለዚያ ነው፤ ምክንያቱም በየቦታው የማያቸው የሞተር ልጆች ስለ ዘይት ብዙ ያወራሉ፣ ስለ ፊልትሮ ግን «ይገጥማል» ከሚለው ቃል አያልፉም።

መጀመሪያ አንድ ነገር እወቁ፤ ሞተራችሁ ምን ዓይነት ማጣሪያ እንዳለው። ይሄን ሳያውቁ ሱቅ መሄድ ገንዘብ መበተን ነው።

አንድ ሰፈራችን ያለ ዕቃ የሚያደርስ ልጅ በቀደም መጣና «ጋሼ፣ ለሞተሬ ፊልትሮ ፈልጌ አጣሁ፣ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ድረስ ሰው ልኬ ነበር» አለኝ። ሞተሩ የቻይና 150 ነው፣ ኢንጂኑ ከሆንዳ ሲጂ 125 የተቀዳ። አጣሁ ያለው እውነቱን ነው፣ ምክንያቱም የለውም! እነዚህ ኢንጂኖች የሚገዛ ፊልትሮ የላቸውም። ሆንዳ ሲጂ 125ን በፈረንጆች 1976 ሲያወጣው አሳቡ ጥገና በማይመችበት፣ መለዋወጫ እንደ ልብ በማይገኝበት አገር የሚሠራ ጠንካራ ሞተር ማድረግ ነበር። ስለዚህ ማጣሪያው ሁለት ነገር ብቻ ነው። አንዱ ከሥር ያለ የብረት ወንፊት ነው። ሁለተኛው ክራንክሻፍቱ፣ ፒስተኑ የሚያዞረው ዋና ዘንግ፣ ጫፍ ላይ አብሮ የሚሽከረከር ክብ ቤት ነው፤ ዘይቱ እዚያ ውስጥ ሲገባ በሽክርክሪቱ ኃይል ከባዱ ቆሻሻ ወደ ግድግዳው ይወረወርና ይጣበቃል፣ ንጹሁ ዘይት በመሃል ይወጣል። ወተት ሲናጥ ቅቤው እንደሚለይ ዓይነት ነው፣ እዚህ ግን የሚለየው ቆሻሻው ነው።

የልጁን አብረን ከፈትነው። በቀኝ በኩል ያለውን ሽፋን አወለቅን፣ የክቡን ቤት ክዳን ፈታን። ውስጡ ግድግዳው ላይ እንደ ሸክላ ጭቃ የጠነከረ ጥቁር ነገር ዙሪያውን ተለጥፎ ነበር፣ በካቻቪቴ ጫፍ ስቆርሰው እንደ ቸኮሌት ተቆረሰ። ከተገዛ ጀምሮ ተነክቶ አያውቅም። ሆንዳ ለዚህ ዓይነት ማጣሪያ በየ12,000 ኪሎሜትሩ አጽዱት ይላል፤ በእኛ አቧራ ከዚያ ቀደም ብሎ ቢከፈት አይከፋም። በቤንዚን በራሰ ጨርቅ ጠረግነው፣ ብናኝ የማይለቅ ጨርቅ ነው ግን፣ ወንፊቱንም አጠብን። ወንፊቱን ስትፈቱ ሞላው ተፈናጥሮ ይወጣል፣ እና እጃችሁን ከሥሩ አድርጉ፣ የትኛው ጫፍ ወደ ላይ እንደነበርም ልብ በሉ። ለሽፋኑ አዲስ ጓርኒሲዮን (ዘይት እንዳያፈስ በመሃል የሚገባው ስስ ንጣፍ) ያስፈልጋል፣ ሽፋኑን ከማውለቃችሁ በፊት ግዙት። እንግዲህ ሞተራችሁ እንዲህ ዓይነት ከሆነ ፊልትሮ የመምረጥ ጣጣ የለባችሁም፣ የማጽዳት ሥራ ነው ያለባችሁ፣ ዘይቱንም ቶሎ ቶሎ መቀየር።

እንደ ያማሃ ዲቲ 125 ያሉት ባለ ሁለት ምት ሞተሮች ደግሞ ጨርሶ ሌላ ናቸው። እነሱ ዘይቱን ከቤንዚን ጋር ያቃጥሉታል፣ ስለዚህ ተጣርቶ የሚመለስ የኢንጂን ዘይት የላቸውም። የካምቢዮውን ዘይት ብቻ ቀይሩላቸው።

የቀሩት ሁለት ዓይነት ናቸው። እንደ እኔ ኤክስአር ወይም እንደ ባጃጅ ፑልሳር ክዳን ተከፍቶ የሚገባ የወረቀት ፊልትሮ አለ። ከፍ ያሉት ሞተሮች ላይ ደግሞ እንደ መኪና በእጅ የሚጠበቅ፣ ጣሳ የሚመስል ፊልትሮ አለ።

የወረቀቱን ስትመርጡ ዋናው ነገር ልክ ነው። ቁመት፣ ውፍረት፣ የመሃል ቀዳዳ። ካሊፐር (ሚሊሜትር የሚለካ መሣሪያ) ያለው ሰው ይለካ፣ የሌለው ጎን ለጎን አቁሞ ያስተያይ። ግማሽ ሚሊሜትር ሞላው ይችለዋል፣ 3 እና 4 ሚሊሜትር ግን አይችልም። ከዚያ ጎማውን በጣታችሁ ጠምዘዝ አድርጉት፤ ለስላሳ ሆኖ መመለስ አለበት፣ እንደ ደረቀ ቆዳ ከሰነጠቀ ተዉት። እጥፋቶቹ እኩል ተራርቀው የቆሙ ናቸው ወይ? በርካሾቹ ላይ እጥፋቱ ጥቂት ነው፣ አንድ ጎን ተጨናንቆ ሌላው ጎን ይሳሳል፣ ወረቀቱና ጫፉ የተያያዙበት ሙጫም ቦታ ቦታ ላይ ይጎድላል። ፊልትሮውን ወደ ብርሃን አንሱትና በመሃል ቀዳዳው ውስጥ ተመልከቱ። በሙጫው በኩል ብርሃን ካያችሁ ዘይትም በዚያው ያልፋል።

አገጣጠሙ ላይ ደግሞ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የሆንዳ የወረቀት ፊልትሮዎች አንድ ጎናቸው ላይ በእንግሊዝኛ «አውትሳይድ» የሚል ጽሑፍ አለባቸው፣ ወደ ውጭ የሚዞረው እሱ ነው። ሞላው መጀመሪያ ይገባል፣ በኢንጂኑ በኩል፣ ፊልትሮው ቀጥሎ። ሞላው በክዳኑ በኩል ከገባ ወይም ፊልትሮው ከዞረ ኢንጂኑ ዘይት ሊጠማው ይችላል፤ ይሄ እንደኔ ጭረት ብቻ ሆኖ አይቀርም፣ ኢንጂን ይይዛል። መካኒክ ሲሠራላችሁ አጠገቡ ቁሙ። ቅር አይሰኝም፣ ቢሰኝም ይሰኝ።

ጣሳው ላይ ያለው ጉዳይ ለየት ይላል። የብዙ የጃፓን ሞተሮች ፊልትሮ የብሎን ጥርስ 20 ሚሊሜትር ስፋትና 1.5 ሚሊሜትር የጥርስ እርቀት ያለው ነው። ይሄው ጥርስ ብዙ የመኪና ፊልትሮ ላይም አለ። ስለዚህ የመኪና ፊልትሮ ሞተር ላይ ሲጠበቅ ይገባል። «ይገጥማል» የሚለው ቃል እዚህ ጋ የበለጠ አደገኛ ይሆናል። ጥርሱ አንድ ሆኖ የጎማው ክብ ስፋት ሊለያይ ይችላል፣ ያኔ ጎማው በግማሹ ብቻ ቦታው ላይ ይቀመጥና ኢንጂኑ ሞቆ ግፊቱ ሲጨምር መንገድ ላይ ይለቃል። የሚለቀው ዘይት ደግሞ የኋላ ጎማ ላይ ነው የሚያርፈው። ይሄን ማንም ሞተር የነዳ ሰው ላስረዳው አያስፈልግም።

ሌላው የማይታየው ነገር ማለፊያ ቫልቩ ነው። ፊልትሮ ሲደፈን፣ ወይም ዘይቱ በብርድ ወፍሮ በወረቀቱ አላልፍ ሲል፣ ግፊቱ ከተወሰነ ልክ ሲያልፍ የሚከፈት ትንሽ ቫልቭ አለ፤ ያልተጣራም ቢሆን ዘይት ይድረስ ብሎ የሚያሳልፍ። አንዳንድ ሞተር ላይ ይሄ ቫልቭ ኢንጂኑ ውስጥ ነው፣ አንዳንዱ ላይ ፊልትሮው ውስጥ ነው። የእናንተ ኢንጂን ቫልቭ ከሌለውና ቫልቭ የሌለው ፊልትሮ ከገዛችሁ ፊልትሮው የተደፈነ ቀን ዘይት ይቋረጣል። ቫልቩ የሚከፈትበት ግፊትም ከፊልትሮ ፊልትሮ ይለያያል፣ ቶሎ የሚከፈት ከሆነ ብዙ ጊዜ ያልተጣራ ዘይት እያሳለፈ ነው የሚውለው። ጣሳውን ከውጭ አይቶ ይሄን ማወቅ አይቻልም። ለዚህ ነው በቁጥሩ እንጂ በዓይን አትግዙ የምለው።

ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት። ኅዳርና ታኅሣሥ ጠዋት ሣሩ አመዳይ ይዞ ነው የሚያድረው። በዚያ ሰዓት ሞተር አስነስቶ ወዲያው ነዳጅ እስከ መጨረሻ የሚሰጥ ሰው ስሰማ ልቤ ይቆረጣል፣ ምክንያቱም ያ ቫልቭ በዚያች ሰዓት ሊከፈት ይችላል፣ ያኔ ኢንጂኑ ያልተጣራ ዘይት ነው የሚጠጣው። አንድ ሁለት ደቂቃ ይሥራ፣ ከዚያ ቀስ ብላችሁ ውጡ፣ እስኪሞቅ አትጫኑት።

ቁጥር ስል ምን ማለቴ ነው? እያንዳንዱ ፋብሪካ ለፊልትሮው መለያ ቁጥር አለው። ሆንዳ ላይ ብዙውን ጊዜ የወረቀቱ በ15412 ይጀምራል፣ የጣሳው በ15410። ሱዙኪ ላይ 16510፣ ካዋሳኪ ላይ 16097፣ ያማሃ ላይ ደግሞ መሃል ላይ 13440 የሚል ታገኛላችሁ። ከዚያ የሚከተለው ቁጥርና ፊደል ነው ሞዴሉን የሚለየው፣ ስለዚህ መጀመሪያው ስለተመሳሰለ ብቻ አትውሰዱ። የሌላ ፋብሪካ ፊልትሮ መግዛት ኃጢአት አይደለም፣ ደህና ደህና አሉ። ሃይፍሎፊልትሮ የሚባለው ፊልትሮ ሠሪ ለምሳሌ ኤችኤፍ 204 የሚለው ፊልትሮው ለአዲሱ ሆንዳ አፍሪካ ትዊንም ለያማሃ ኤምቲ-07ም ይሆናል። ሁለት ፋብሪካ፣ አንድ ፊልትሮ። ግን እዚያ ላይ የሚሆን መሆኑን የተናገረው የፊልትሮው ሠሪ በሰንጠረዡ ነው፣ ሱቅ ውስጥ በጥርሱ ሞክሮ ያየው ሰው አይደለም። ልዩነቱ ይሄ ነው። ሰንጠረዡ ስልካችሁ ላይ በደቂቃ ይገኛል፣ የሞተሩን ሞዴልና ዓመተ ምሕረት፣ በፈረንጅ፣ አስገቡና ቁጥሩን ጽፋችሁ ሂዱ።

ፎርጅዱ ብዙ ነው። የታወቀ ስም ያለው ካርቶን ማተም ቀላል ነው። እኔ የማየው ጣሳውን ገልብጬ ነው። ዙሪያውን ካሉት ትናንሽ ቀዳዳዎች በስተውስጥ አንድ ለስላሳ ጎማ ይታያል፣ ኢንጂኑ ሲጠፋ ዘይቱ ወደ ኋላ ተመልሶ እንዳይፈስ የሚይዝ። በጥፍር ገፋ ሲያደርጉት ይታጠፋል፣ ሲለቁት ይመለሳል። ጎማው ከሌለ ወይም እንደ ካርቶን ከደረቀ ጠዋት ጠዋት ሲነሳ ለጥቂት ሰከንድ ያለ ዘይት ነው የሚሽከረከረው። ጥርሱን ተመልከቱ፣ ቡጭቅጫቂ ብረት ካለበት ያ ብረት ነገ ኢንጂናችሁ ውስጥ ነው። ጣሳውን ነቅነቅ ስታደርጉት ውስጡ የሚንቋቋ ነገር ካለም መልሱት።

ስትገጥሙት የጎማውን ክብ በአዲስ ዘይት እሹት። ከዚያ በእጅ አዙሩት፣ ጎማው ከኢንጂኑ ጋር ሲነካካ አቁሙ፣ ከዚያ ሶስት ሩብ ዙር ያህል ጨምሩ፣ መመሪያው ሌላ ካላለ በቀር ያ በቂ ነው። በቁልፍ አስጨንቆ ማጥበቅ ኃይለኛነት አይደለም፣ በሚቀጥለው ጊዜ ጣሳውን ቀዳዶ ማውጣት ነው። ደግሞ አንድ ነገር፣ አሮጌውን ስትፈቱ አሮጌው ጎማ አብሮ መውጣቱን እዩ። ኢንጂኑ ላይ ተጣብቆ ከቀረና አዲሱ በላዩ ላይ ከተጠበቀ ሁለት ጎማ ተደራርቦ ይለቃል፣ ዘይቱ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ መሬት ላይ ነው። ከዚያ አስነሱት፣ ትንሽ ይሥራ፣ አጥፉት፣ ጎንበስ ብላችሁ ሥሩን እዩ፣ የዘይቱን ልክ እንደገና ለኩ፤ ፊልትሮው ራሱ ዘይት ስለሚጠጣ ልኩ ዝቅ ይላል።

ስለ ዘይቱ በአጭሩ። በአብዛኞቹ ሞተሮች ያው አንድ ዘይት ኢንጂኑንም ካምቢዮውንም ፍሪሲዮኑንም ያጥባል፣ መኪና ላይ እንዲህ አይደለም። የፍሪሲዮኑ ብናኝ ሳይቀር ወደ ፊልትሮው ነው የሚመጣው። ዕቃው ላይ ጄሶ ኤምኤ ወይም ኤምኤ2 የሚል ያለበትን ግዙ፣ ጃፓኖች ለእንዲህ ዓይነት ሞተር ያወጡት መለኪያ ነው። ነዳጅ ቆጣቢ የተባለ የመኪና ዘይት ብትሞሉበት ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል፣ የፈለገ ጥሩ ፊልትሮ ብትገጥሙ አያድነውም። የአየር ፊልትሮውም እንደዚሁ፤ የገጠር አቧራ በአየሩ በኩል ከገባ ፋሻውን (የፒስተኑን ቀለበቶች) በልቶ ነው ዘይቱ ጋ የሚደርሰው፣ የዘይት ፊልትሮ ያኔ ዘግይቷል።

አሁን እኔ ዘይት በቀየርኩ ቁጥር ፊልትሮውን እቀይራለሁ። አንዳንዱ አንዴ እየዘለለ ይቀይራል፣ መመሪያውም ለአንዳንድ ሞተር ይፈቅዳል፣ እኔ ግን ካምሻፍቱ ላይ ያለውን ጭረት በጥፍሬ ነክቼዋለሁ። አሮጌውን ሳልከፍትም አልጥለውም። የወረቀቱን በምላጭ ቆርጬ ጋዜጣ ላይ እዘረጋዋለሁ፣ ማግኔት አሳልፍበታለሁ። ማግኔቱ የሚያነሳው ብረት ነው፣ ከማርሽ ወይም ከኩሽኔታ የመጣ ሊሆን ይችላል። ማግኔት የማያነሳው ብርማ ብልጭታ ብዙውን ጊዜ አሉሚኒየም ነው፣ ወርቃማው ነሐስ ነው። ጥቂት ደቃቅ ብናኝ ሁሌም ይኖራል። በጣት የሚለቀም ስባሪ ካገኘሁ ግን ሞተሩን አላስነሳም፣ ቀጥታ መካኒኩ ጋ ነው። ጣሳውን የምትከፍቱ በሰጌቶ አትቁረጡ፣ የመጋዙ ብናኝ ከኢንጂኑ ብናኝ ይቀላቀልና ምን እንዳያችሁ አታውቁም፤ የጣሳ ፊልትሮ መቁረጫ ያለው ጋራዥ ፈልጉ።

ኦርጅናሉን እዚህ ማግኘት ሁሌ አይሳካም። የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ ስትመጣ ቁጥሩን ልኬላት አምስት ይዛልኝ መጣች፣ አምስቱ አንድ ላይ ከአንድ ጫማ አይከብዱም። ዘመድ ያላችሁ ሽቶና ቲሸርት ከምታስልኩ ይሄን አስልኩ። ሲደርሰኝ መጀመሪያ ያደረግኩት ከድሮው ጋር ጎን ለጎን ማቆም ነው፤ እኩል ናቸው፣ ጎማው ለስላሳ ነው፣ ጽሑፉ ቦታው ላይ ነው።

ባለፈው እሁድ የመጀመሪያውን ከፈትኩት። ክዳኑን ሳነሳ ፊልትሮው አልወደቀም። በጣቴ ሳብኩት፣ ሞላው ትንሽ ገፋኝ፣ ወጣ። እጥፋቶቹ ውስጥ ጥቁር ዝቃጭ ሞልቷል፣ የቤቱ ግድግዳ ንጹህ ነው። አራት ቀርተውኛል። ሞዴላችሁንና ዓመቱን ጻፉልኝ፣ የማውቀው ከሆነ ቁጥሩን እነግራችኋለሁ።